ሙሌቱ ዝቅ ያለበት ቦታ

ጥር 12

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

እንደምን ከርመሻል? የሰላም ጌታ በምትወጪበት ይቅደምሽ፣ በምትገቢበት ይጠብቅሽ። እኔ ከወገቤ፣ ከጉልበቴና ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። የቀረዎት ምንድን ነው ካልሽ ጥርሴ ነው፤ እሱም ግማሹ።

ስልክ በደወልሽ ቁጥር «ምን አልሽ?» እያልኩ ስላደረቅሁሽ፣ በወረቀት እንጻጻፍ ማለትሽ ደግ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት መንገድ በሚዳምጥ ሮለር ላይ ሲንቀጠቀጥ የኖረ ሰው ጆሮውን ለሞተሩ ሰጥቶ ነው የሚወርደው። ለነገሩ በዚያው ሮለር ነው አንቺን ያስተማርኩሽ፤ ስለዚህ አልቆጨኝም።

አሁን ያለሁበት ሥራ የመንገድ ሙሌት ነው። ሸለቆውን በአፈር እየሞላን ወዲህኛውን ከወዲያኛው ጋር እናገናኛለን። ቦታ ቦታ ላይ ከፍታው ከሦስት ፎቅ አያንስም። አፈሩ ጥሩ ነው፤ ቀይ፣ ጠጠር የቀላቀለ። ክፉው ሰውየው ነው። ፎርማናችንን ሠራተኛው «ባለፌሮ» ይለዋል፤ የክንድ ተኩል ፌሮ ብረት ከእጁ አይለይም። ጫፉን በፕላስተር ጠቅልሎ እጀታ አበጅቶለታል። የንጣፍ መለኪያዬ ነው ይላል። ሲለካበት ያየሁት ግን የሰው ጀርባ ነው።

ደንቡን አንቺም ታውቂዋለሽ። አፈሩ ሃያ፣ ቢበዛ ሃያ አምስት ሴንቲ ይነጠፋል፤ ውሃ ይረጭበታል፤ በሮለር ስምንት ጊዜ እመላለስበታለሁ፤ ከዚያ ሌላ ንጣፍ ይመጣል። እሱ ስልሳ ሴንቲ ያስነጥፍና «እለፍበት» ይለኛል። ከላይ ስታዪው መስተዋት ነው፤ ታቹ ዱቄት። ባለፈው ማክሰኞ የቦቴው ሹፌር፣ ውሃ የሚረጭልን ማለቴ ነው፣ «አፈሩ ደረቅ ነው፣ አንድ ዙር ልጨምር» ቢለው በፌሮው ክርኑን መታው። ድምፁ ለእኔ እንኳ ተሰማኝ። ይኸው ሳምንቱን ሙሉ በአንድ እጁ ነው የሚነዳው።

የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ንጣፍ ሲወፍር ምን እንደሚከተል ቁልጭ አድርገሽ በወረቀት ላኪልኝ። ለመሐንዲሱ አሳየዋለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ሞኙን እኔ እሆናለሁ፤ ወረቀቱን አንቺ ላኪ።

አጎትሽ


ጥር 28

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጋሼ፣ ጤናዎን ፈጣሪ ያብዛልኝ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። እዚህ ብርዱ በርትቷል፤ የላብራቶሪው በር ሲከፈት አፈሩ ሁሉ እንደ ድንጋይ ደርቆ ነው የሚቆየኝ።

የጠየቁኝን በሌላ ወረቀት ጽፌ፣ የመሥሪያ ቤቴን ማኅተም አስመትቼ ልኬልዎታለሁ። ለእርስዎ ግን እንዲሁ ላውራዎት። የእኔ ሥራ ቀኑን ሙሉ አፈር መደብደብ ነው። አፈሩን በብረት ሻጋታ በሦስት ንጣፍ እጨምራለሁ፤ እያንዳንዱን ሁለት ኪሎ ተኩል በሚመዝን መዶሻ፣ ከሠላሳ ሴንቲ ከፍታ እየለቀቅሁ፣ ሃያ አምስት ጊዜ እመታዋለሁ። ደረቅ ሲሆን ቅንጣቶቹ እርስ በርስ እየተፋተጉ እንቢ ይሉኛል። ትንሽ ውሃ ስጨምር ይንሸራተቱና ይጠጋጋሉ፤ መካከላቸው ያለው አየር ይወጣል። ውሃው ሲበዛ ደግሞ ቦታውን ራሱ ይይዘውና መጠጋቱ ይቀራል። ከሁለቱ መካከል አንድ ልክ አለ። የቦቴው ሹፌር ያንን ልክ በዓይኑ ብቻ ስላየ ነው የተመታው።

የንጣፉም ነገር እንዲሁ ነው። የሮለር ጉልበት ወደ ታች በወረደ ቁጥር እየተበተነ ይደክማል። ከስልሳው ሴንቲ የላይኛው ሃያ ይጠቀጠቃል፤ የታችኛው አርባ እንደላላ ይቀራል። ከዚያ በራሱ ቀን ይወርዳል፤ ዝናብ ሲገባው ወይም ከባድ መኪና ሲያልፍበት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ነው ነገሩ።

ወረቀቱን ለመሐንዲሱ ለብቻው ይስጡት። እባክዎን ሰውየው ፊት አያውጡት።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 20

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርሽ። ወረቀትሽ ደረሰኝ፤ በላሁትም። ቀልድ አይምሰልሽ፣ አኝኬ ነው የዋጥኩት። መሐንዲሱ ከእጄ ተቀብሎ አነበበና «ጥሩ ነው» ብሎ ለባለፌሮ ሰጠው። ባለፌሮ በምሳ ሰዓት ሠራተኛውን ሁሉ ሰበሰበ፤ አንበረከከኝ፤ ብረቱን ማጅራቴ ላይ አሳርፎ «የተማረች ዘመድ አለችህ አሉ፤ በል ትምህርቷን ብላ» አለኝ። ማኅተሙ ይመርራል። ማንም አልሳቀም። ቢሆንም ያ ቀላሉ ነው።

ከሙሌቱ ሥር የውሃ ማሳለፊያ ቱቦ የሚቀበርበት ቦይ እየተቆፈረ ነበር። ጥልቀቱ ከሁለት ሰው ቁመት ይበልጣል፤ ግድግዳው በቢላ የተቆረጠ ይመስል ቀጥ ያለ ነው። ድጋፍ እንጨት የሚባል አልገባበትም። የተቆፈረው አፈር እዚያው አፋፉ ላይ ተከምሯል። እኔን ደግሞ በአፋፉ ጥግ ያለውን ንጣፍ እንድጠቀጥቅ አዘዘኝ። ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ቦዩ ውስጥ ከነበሩት ሦስት ሰዎች አንዱ ተንጠላጥሎ ወጣና «ግድግዳው ተሰንጥቋል፣ አፈር እየረገፈብን ነው» አለ። ባለፌሮ ፊቱን በብረቱ ላጠው፤ ጉንጩ ተተርትሮ ጥርሱ በውጭ ታየ። «ውረድ» ሲለው ግድግዳው ወረደ።

መሬት ሲናድ ይጮኻል ብዬ ነበር የማስበው። አይጮኽም፤ አንድ ጊዜ ይተነፍሳል፣ በቃ። የቀሩትን ሁለቱን በእጃችን ቆፈርን። አንደኛውን እንደ ቆመ አገኘነው፤ አፉ በአፈር ተጠቅጥቆ፣ ዓይኑ ተከፍቶ። ባለፌሮ «ዘገያችሁ» ብሎ ኤክስካቫተር አስገባ። የኤክስካቫተሩ ጥርስ የሁለተኛውን ትከሻ ከነክንዱ ይዞ ወጣ። ልጄ፣ ይህን የምጽፍልሽ ላስደነግጥሽ አይደለም። የምነግረው ሌላ ሰው ስለሌለኝ ነው።

መርማሪዎች ሲመጡ ባለፌሮ በጣቱ ወደ እኔ አመለከተ። «ሮለሩ ነው የናደው፤ አፋፍ ላይ አትንዳ ብዬው ነበር» አለ። ቃሉን የሰማ ሁሉ አቀረቀረ።

አሁን የምጠይቅሽ ይህን ነው፤ እውነቱን ንገሪኝ። የሮለር መንቀጥቀጥ ግድግዳ ይንዳል? እኔ ነኝ የገደልኳቸው?

አጎትሽ


መጋቢት 4

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጋሼ፣ ነፍስዎን ያበርታልኝ። ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ ነው ያነበብኩት፤ አንብቤ ስጨርስ መዶሻዬን ማንሳት አቃተኝና ወደ ቤት ሄድኩ። ለሁለቱ ሟቾች ነፍስ ይማር።

እውነቱን ንገሪኝ ስላሉኝ አልዋሽዎትም። አዎ፣ የሮለር መንቀጥቀጥ ለአፋፍ ሲቀርብ ግድግዳውን ያናጋል። አፈር ቆሞ የሚኖረው ቅንጣቶቹ ተያይዘው ነው። ያ መያያዝ በክብደትም በውሃም በመንቀጥቀጥም ይላቀቃል። ነገር ግን ያ ቦይ እርስዎ ሮለሩን ከማስነሳትዎ በፊት ሞት ሆኖ ነበር። ያን ያህል ጥልቅ ግድግዳ ተዳፍቶ ነው የሚቆረጠው፤ አለዚያ በእንጨት ይደገፋል። የተቆፈረው አፈር አፋፉ ላይ አይከመርም። ሰው ተሰንጥቋል ሲል ደግሞ ሁሉም ይወጣል። ሦስቱንም የከለከለው እሱ ነው፤ እርስዎንም እዚያ ያቆመዎት እሱ ነው።

ከአፋፉ በስንት እርምጃ ላይ እንደነበሩ ይጻፉልኝ። ከዚያም ለመርማሪዎቹ ቃልዎን ይስጡ፤ ስለ ንጣፉም፣ ስለ ቦዩም፣ ፊቱን ስለተተረተረውም ሰው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይሉኝ አልነበር? ጋሼ፣ እባክዎን፣ እዚያ ሥራ ላይ አንድ ቀን እንኳ አይቆዩ።

የእህትዎ ልጅ


ሚያዝያ 6

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

ጤናሽን ይስጥልኝ። መልሴ በመዘግየቱ አትቀየሚኝ፤ ትከሻዬን ታምሜ ነበር። አሁን ደህና ነው።

ባለፌሮ ጠፋ። ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው። ምርመራውን ፈርቶ ሸሽቷል ይላሉ፤ እኔም እንደዚያው እላለሁ። ሠራተኛው ተንፍሷል። ሌላ ፎርማን መጣ፤ ንጣፉን ሃያ ሴንቲ አደረገው። ፌሮም አልያዘም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ባለፈው ዝናብ ጥሎ ነበር። ከዚያ በኋላ ሙሌቱ ላይ አንድ ቦታ አራት ጣት ያህል ዝቅ አለ። ሰፊ አይደለም፤ ቁመቱ ሁለት እርምጃ፣ ወርዱ አንድ እርምጃ ቢሆን ነው። ዙሪያው ምንም አልሆነም። እንዲህ ያለውን ምን ያመጣዋል? ደግሞስ መርማሪዎቹ በአሸዋ የሚፈትኑት ፍተሻ ምን ያህል ወደ ታች ይደርሳል?

ስለ እርምጃው የጠየቅሽኝን አላስታውስም።

አጎትሽ


ሚያዝያ 19

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጋሼ፣ እንኳን ትከሻዎ ተሻለልዎት። ምን ሆኖ ነው የታመመው? አልጻፉልኝም።

የአሸዋው ፍተሻ ከላይ ያለውን አንድ ንጣፍ ብቻ ነው የሚያየው። ከንጣፉ ላይ የአንድ ስንዝር ያህል ጉድጓድ ይቆፈራል፤ የወጣው አፈር ይመዘናል፤ ጉድጓዱ ክብደቱ በታወቀ አሸዋ ተሞልቶ ይዘቱ ይታወቃል፤ የአፈሩ መጠቅጠቅ ከዚያ ይሰላል። ከዚያ በታች ያለውን አያውቅም።

ያ ቦታ ዝቅ ያለው የላላው የታችኛው አፈር ውሃ ሲያገኝ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ግን እንዲያ ከሆነ የሚወርደው በሰፊው ነው፤ ለይቶ ሁለት በአንድ እርምጃ አይወርድም። እንዲህ ያለው ጠባብ ስምጠት አብዛኛውን ጊዜ ሙሌት ውስጥ የማይገባ ነገር ሲቀበር የሚመጣ ነው፤ የዛፍ ግንድ፣ የሣር ክምር፣ የሚበሰብስ ነገር ሁሉ። እሱ እየቀነሰ ሲሄድ አፈሩ ይከተለዋል። መድኃኒቱ ከፍቶ ማውጣትና በንጣፍ በንጣፍ እንደገና መሙላት ብቻ ነው። ለአዲሱ ፎርማን ይንገሩትና ይክፈቱት።

የጠፋውን ሰውዬ የሚፈልገው አለ? ቤተሰብ አለው?

የእህትዎ ልጅ


ግንቦት 8

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ቤተሰብ አለው። ሚስት አለችው። ከተጋቡ ዓመት አልሞላቸውም። በየቀኑ ትመጣና ከሙሌቱ ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች። ሲገቡም ሲወጡም ሠራተኛውን አንድ በአንድ ትጠይቃለች። እኔንም ጠይቃኛለች። ትናንትና ደግሞ «ጋሼ፣ ፀሐዩ በርትቷል፣ ጥላ ሥር ይሁኑ» አለችኝ።

ወንድሞችም አሉት፤ ሁለት። ክርኑን የተመታው የቦቴው ሹፌር በጊዜው «አንድ ቀን አገኝሃለሁ» ብሎት ስለነበር፣ አንተ ነህ የገደልከው ብለው ያዙት። ጋራዡ በር ላይ ነው የያዙት፤ በቀን፣ በሰው ፊት። በድንጋይ መንጋጋውን ሰበሩት፤ ወድቆ ሳለ በጫማ ፊቱን ረገጡት። ግራ ዓይኑ ፈሰሰ። ልብሱን ገፈው በገመድ ከቦቴው ኋላ አሰሩት፤ ሊጎትቱት ሞተር ካስነሱ በኋላ ነው ፖሊስ የደረሰው። እኔ ሃያ እርምጃ ያህል ርቄ ቆሜ ነበር። አልተጠጋሁም። አሁን እሱ ሐኪም ቤት ሆኖ በፖሊስ ይጠበቃል፤ ሲያገግም ወደ እስር ቤት ነው የሚሄደው። የባለፌሮ ወንድሞች ደግሞ በዋስ ተለቀው፣ ከዚያ በሕይወት አይወጣም ብለው ዝተዋል።

ከዛሬ ጀምሮ ስለ አፈር አትጻፊልኝ። ፖስታ ቤቱ ደብዳቤ ይከፍታል ይላሉ። አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ፣ እሱንም በአጭሩ፤ ያ ቦታ ማንም ሳይነካው ቢቀር መውረዱን የሚያቆመው በስንት ጊዜ ነው? ይህን ደብዳቤ አንብበሽ አቃጥዪው።

አጎትሽ


ግንቦት 22

ለአጎቴ፣

ጋሼ፣ ፈጣሪ ለሁላችንም ልብ ይስጠን። ደብዳቤውን አላቃጠልኩትም። የቀደሙትንም አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኳቸው፤ ሦስት ቀን አነበብኳቸው። ቃልዎን ይስጡ ብዬ ጻፍኩልዎት፤ ሰውየው ጠፋ። ትከሻዎ ታመመ፤ በምን እንደታመመ አልነገሩኝም። ከዚያ ቁመቱ ሁለት እርምጃ፣ ወርዱ አንድ እርምጃ የሆነ ስምጠት ላኩልኝ። እኔ ደግሞ እንደ ሞኝ የዛፍ ግንድ ነው አልኩዎት።

ጋሼ፣ እዚያ ውስጥ ያለው ሰው ነው?

አንቱ አሳድገውኛል። እናቴ ስትሞት ሌላው ዘመድ ሁሉ ሲሸሸኝ አዝለው የወሰዱኝ እርስዎ ነዎት፤ እኔ ዛሬ አፈር መዝኜ የምበላው እርስዎ ጆሮዎን ስላጡ ነው። ይህን መጠየቅ ለእኔ ድፍረት መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ጠይቄያለሁ፤ የተነገረ ቃል እንደሆነ አይመለስም።

ለጠየቁኝ መልሴ ይኸው ነው። ያ ቦታ በዓመትም በሁለት ዓመትም መውረዱን ያቆም ይሆናል። የቦቴው ሹፌር ግን ያን ያህል ቀን የለውም። አንድ ዓይኑን እርስዎ ቆመው እያዩ አጥቷል፤ ሁለተኛውን አይጠብቁ። ይህ ደብዳቤ በደረሰዎት በሦስተኛው ሳምንት ከእርስዎ ምንም ካልሰማሁ፣ ለፖሊስ እኔው እጽፋለሁ። ደብዳቤዎቹን በሙሉ አያይዤ እልካለሁ።



የእህትዎ ልጅ


ሰኔ 30

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። የምጽፈው በግራ እጄ ነውና ፊደሉ እንደ ዶሮ ጭረት ቢሆንብሽ ታገሺኝ። ያለሁት እስር ቤት ነው። የቦቴው ሹፌር ተፈትቷል። ይህን በመጀመሪያ የጻፍኩት አንቺ በመጀመሪያ የምትፈልጊው እሱን ስለሆነ ነው።

አዎ፣ ሰው ነው። ቅዳሜ ነበር። ሠራተኛው እኩለ ቀን ላይ ተበትኖ፣ እኔና ባለፌሮ የተነጠፈውን ልንጨርስ ቀረን። ያንቺ ደብዳቤ ኪሴ ነበር። ሰኞ ሄጄ ቃሌን እሰጣለሁ አልኩት። እንዲያው ዝም ብዬ ብሄድ ምን ነበረበት? አፌ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ሲፈራኝ ማየት አማረኝ። አልፈራም። በፌሮው ትከሻዬን መታኝ፤ ስወድቅ ደገመኝ፤ ሦስተኛውን ራሴ ላይ ሊያሳርፍ ሲያነሳ፣ ሮለር የማይደርስበትን ጥግ የምንደቃበት የእጅ መጠቅጠቂያ እጄ ገባ። ብረት ነው፤ ክብደቱን አንቺ ታውቂዋለሽ። ጉልበቱን አልኩት፤ ወደቀ። ያቺ ራሴን ለማዳን ነች፤ ዳኛም ይረዳልኛል። ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለቱ ግን ራሱ ላይ ናቸው። እነሱ ለሌላ ነገር ናቸው። የበላሁት ወረቀት፣ አፉ አፈር የሞላው ሰውዬ፣ የኤክስካቫተሩ ጥርስ፣ ሁሉም እጄ ውስጥ ነበሩ። ዓይኔ ደም ለብሶ ነበር።

የተነጠፈው አፈር ገና ያልተጠቀጠቀ፣ ያው እሱ የወደደው ስልሳ ሴንቲ ነበር። በአካፋ ከፈትኩት፤ አስገባሁት፤ ፌሮውን ከጎኑ አደረግሁ፤ መለስኩበት። ከዚያ ሮለሬን አስነሳሁ።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ሁለት ቀን ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልብሴን ቀይሬ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ስገባ ተረኛው ፖሊስ ሌባ ሊያመለክት የመጣ ሽማግሌ መስዬው ወንበር ሰጠኝ። ስነግረው ወንበሩን መልሶ ወሰደው።

ቦታውን ራሴ መርቼ አሳየሁ። ኤክስካቫተር አምጥተው ነበር፤ በጥርስ አትንኩት፣ በእጅ ቆፍሩ ብዬ ለመንኳቸው። ቆፈሩ። ምን እንደወጣ አልጽፍልሽም። ሚስቱ እዚያ ነበረች፤ ሸሚዙን ለየችው። ታናሽ ወንድሙ ከቆፋሪው እጅ አካፋ ነጥቆ በራሴ ላይ ሲሰነዝር እጄን አነሳሁ፤ ቀኝ እጄ ላይ ሁለት ጣት የለኝም። ትልቁ ደግሞ ፖሊሶቹ እስኪይዙት ድረስ ጎድኔን ረገጠኝ። አልተከላከልኩም። መከላከል አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ።

በማግስቱ ሚስቱ ጣቢያ መጣች። ከፍርግርጉ ማዶ ቆመች። ከዚያ ጆሮዬ እንዲሰማ ጠጋ ብላ «አፈር ሲገባበት ሞቶ ነበር?» አለችኝ።

«አዎ ልጄ፣ ወዲያው ነው የሞተው» አልኳት። ለፖሊስም የሰጠሁት ቃል ያው ነው። አመስግናኝ ሄደች። አመስግናኝ!

አንቺን ግን አልዋሽም፤ እውነቱን ንገሪኝ ባልኩሽ ጊዜ አንቺም አልዋሸሽኝም። እስከ ደረቱ ከሸፈንኩት በኋላ ጣቶቹ ተንቀሳቀሱ። የመሞት መንቀጥቀጥ አይደለም፤ አፈሩን ጨበጠ። አካፋዬን ይዤ ቆሜ አየሁት። ማውጣት እችል ነበር፤ መኪና መጥራት እችል ነበር። መንገዱ መቶ እርምጃ አይርቅም። ባወጣው ግን ይናገራል ብዬ አሰብኩ። ይህን አስቤ ነው፤ ዓይኔ ደም ለብሶ ነበር የምልበት ጊዜ አልፎ ነበር። አካፋውን ሞላሁ። ከዚያ ስምንት ጊዜ ተመላለስኩበት። ቢጮህም አልሰማም፤ ጆሮዬን ታውቂዋለሽ።

ከአንቺ ምንም አልፈልግም። መልስም ቢሆን።

አጎትሽ


ሐምሌ 17

ለአጎቴ፣

ጋሼ፣ እጅዎን ፈጣሪ ይማርልዎት። የላኩልኝን ደብዳቤ ካነበብኩ በኋላ አምስት ቀን ከሰው ጋር አላወራሁም። አለቃዬ ሐዘን ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ አዎ አልኩት። የማን ብሎ ሲጠይቀኝ የማንን እንደምነግረው አጣሁ።

የመጀመሪያውን ምት እኔም እመታው ነበር። ስለ ሁለተኛውና ስለ ሦስተኛው አልፈርድብዎትም፤ ወረቀት አስበልቶኝ አያውቅምና። ስለ አካፋው ግን ምንም ማለት አልችልም። ልወድዎት ስሞክር እሱ መጥቶ ይቆማል፤ ልጠላዎት ስሞክር ያዘሉኝ ጀርባ መጥቶ ይቆማል። ሁለቱም ሊሄዱልኝ አልቻሉም።

ለፖሊስ የሰጡትን ቃል ያስተካክሉ። ለዳኛው ለእኔ እንደጻፉልኝ አድርገው ይናገሩ፤ ጣቶቹን ሳይቀር። ቅጣቱ እንደሚከብድ አውቃለሁ። እርስዎም ስለሚያውቁ ነው ያስቀሩት።

ያቺ ሴት የጠየቀችዎት አንድ ነገር ነው፤ እሱንም በውሸት ሸኟት። እውነቱን ችሎት ውስጥ፣ ሰው እየተንጠራራ ሲያያት፣ ከጠበቃ አፍ እንድትሰማው አልፈልግም። ስለዚህ ፈቃድ ወስጃለሁ፤ ሐሙስ እሳፈራለሁ። ስደርስ መጀመሪያ የምሄደው ወደ እርስዎ አይደለም፤ ወደ እሷ ቤት ነው። እኔ ማን እንደሆንኩ እነግራታለሁ። የጠየቀችውንም እነግራታለሁ። ብትመታኝ እመታለሁ፤ ብታስቀምጠኝ እቀመጣለሁ።

ከእሷ ቤት ስወጣ እግሬ ወደ እርስዎ ከመራኝ እመጣለሁ። ካልመራኝ፣ ጋሼ፣ አይጠብቁኝ።

የእህትዎ ልጅ